ለሰዓዳ የጻፍኩት የምስጋና ወረቀት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከካርቱም ከወጣሁ ወዲህ ለነፍስ አባቴ ሁለት ጊዜ ተናዝዣለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መጠጡን ነገርኳቸው፣ ዝሙቱን ነገርኳቸው፣ እዚህ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባቴ" አልኩ። ሌላ ነበር። ሌላው ሰዓዳ ናት። ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልንገር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ምናልባት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

ካርቱም ዳር፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልጆች የእግር ኳስ ክለብ ነበረን። ክለብ ይባል እንጂ አንድ አቧራማ ሜዳ፣ ሁለት ኳስና ቀለማቸው የለቀቀ ማሊያዎች ነበሩን። ዓርብ ዓርብ ሁሉም ከሥራ ሲያርፍ እንገናኛለን። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ማዮ ሰፈር በአንድ ክፍል አምስትና ስድስት ሆነው የሚያድሩ፣ የቀን ሥራ የሚሠሩ፣ መንገዱ ሲገኝላቸው ወደ ሊቢያ የሚሄዱ ወጣቶች ናቸው። እኔ የክለቡ ጸሐፊ ነበርኩ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት፣ ጽሑፍ የሚተየብበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ለሐበሻው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢቃማ ፎርም የምሞላው፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። አገር ቤት ሁለት ዓመት አስተምሬ ስለነበር ሁሉም "ኡስታዝ" ይሉኝ ነበር። ኡስታዝ መባል እወድ ነበር። ምን ያህል እወድ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ሰዓዳ የወሎ ሰው ናት፣ ከሐርቡ አካባቢ። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ካርቱም ሁለት ውስጥ አንድ ቤት ትሠራለች፣ የምታድረውም እዚያው ጓሮ ባለች ክፍል ነው። ዓርብ ዕረፍቷ ነው። ስድስት ቀን የሰው ልብስ ስታጥብ፣ የሰው ወለል ስትወለውል ከርማ በሰባተኛው ቀን ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍራ ካላክላ ትመጣለች። መጥታስ? የእኛን ማሊያ ታጥባለች። ውኃ ታመጣለች፣ የተላጠ ጉልበት በጨው ታጥባለች፣ የወለቀ ጣት ታስራለች። ማንም ነይ ብሎ አልጠራትም። "እነዚህም የሰው ልጆች ናቸው፣ እናታቸው ብታይ ምን ትል?" ትላለች፣ በቃ። ልጆቹ "እማ" ይሏታል። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ይህን አትደብቅም፣ አታፍርበትምም።

እንግዲህ በደሌ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ዓርብ ከሌላ ሰፈር ቡድን ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበረን። በረኛችን ተክሌ ኳስ ለመያዝ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ተቀያሪ በረኛ የለንም። እኔ ከመስመሩ ዳር ሆኜ "ተነስ! አሥር ደቂቃ ነው የቀረው፣ ያላ!" እያልኩ ጮህኩበት። ልጁ ተነሳ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ሰዓዳ ሜዳው መሃል ገባች። ዳኛው ፊሽካ ቢነፋም አልሰማችውም። ተክሌን ከነትከሻው አቀፈችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ኡስታዝ፣ ይህ ሰው ነው። አንተ እንደምትሞላው ፎርም አይደለም" አለችኝ።

ሜዳውን ከቦ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። የተቃራኒው ቡድን ሳይቀር አጨበጨበ። ጨዋታው ቆመ፣ ዋንጫውም ቀረብን፣ የተክሌ ትከሻ ግን ዳነ። እሷ ልክ ነበረች፣ እኔ ስህተት ነበርኩ። ይህን ያኔም አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን ምን ጠቀመ? ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሱቅ ሆኜ ስተይብ ይሰማኛል፣ ሃፍላ ላይ ይሰማኛል። ሀ ከለ የማትለይ የቤት ሠራተኛ በሰው ፊት አስተማረችኝ አልኩ። እኔን፣ ኡስታዙን! ተክሌ ወር ሳይሞላው የሊቢያን መንገድ ይዞ ሄደ። እኔ ቂሜን ይዤ ቀረሁ።

ጥቂት ወራት አለፉ። ኮሚቴው ክለቡን በነጻ ለሚያገለግሉት ሰዎች የምስጋና ቀን ይደረግ ብሎ ወሰነ። ሜዳውን በኖራ የሚያሰምሩልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የተጎዳ ሰው በባጃጁ፣ እነሱ ራክሻ በሚሉት፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስልን አንድ ሱዳናዊም ነበር። ሦስተኛዋ ሰዓዳ ናት። ለሦስቱም በፍሬም የተደረገ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ተባለ። ማን ይጻፈው? እኔ።

የሽማግሌውን በአማርኛ፣ የሱዳናዊውን በዓረብኛ አሳምሬ ጻፍኩ። የሰዓዳን ልጽፍ ስቀመጥ አምበሉ ሚኪያስ ሱቁ ውስጥ አጠገቤ ነበር። "ምን ብለህ ብትጽፍ ምን ታውቃለች?" አለ እየሳቀ። ሐሳቡ የእሱ ነው ማለት እችል ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ጣቶቹ ግን የእኔ ነበሩ። እኔ ነኝ የተየብኩት። እንዲህ ብዬ፦

"ይህ የምስክር ወረቀት ሀ ከለ ሳትለይ አሥራ አንድ ወንድ ለምታዘው፣ የወንድ ካልሲ ለማጠብ ለተፈጠረችው፣ ለክለባችን አህያ ለሰዓዳ ተሰጠ። ጭነት እንዳይጎድልባት እንመኛለን።"

ዙሪያውን በሐረግ አስጌጥኩት። ማህተም መታሁበት። መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ አስገባሁት። ሚኪያስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

የምስጋናው ዕለት ሰዓዳ አዲስ ሻርፕ አድርጋ፣ እጇን ሂና ተቀብታ መጣች። የመድረክ መሪው እኔ ነበርኩ። ስሟን ስጠራ ልጆቹ በጩኸት ተቀበሏት። ፍሬሙን ያዝኩና እንደማነብ ሆኜ፣ ዓይኔ ስድቡ ላይ እያለ አፌ ሌላ ተናገረ። "ለክለባችን እናት ለሰዓዳ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ያለ አንዳች ክፍያ፣ ልጆቻችንን እንደ ልጆቿ ስለጠበቀች ክለባችን ከልብ ያመሰግናታል" አልኩ። አለቀሰች። በሁለት እጇ ተቀብላ ፍሬሙን ሳመችው። ሌላ ሰው ቀርቦ እንዳያነበው "አቧራ እንዳይነካብሽ" ብዬ በሻርፗ ጠቀለልኩላት። ለስድቤ መሸፈኛ የራሷን ሻርፕ አዋልኩት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አልናዘዝም ነበር። አላበቃም። ሰዓዳ ተመልሳ መጣች።

"ኡስታዝ፣ የእኔ ስልክ ፎቶ አያነሳም። በአንተ ስልክ አንሳና ለወንድሜ በኢሞ ላክልኝ። ልጄ ሀያት ታንብበው። እናቷ የሰው ቤት ጠራጊ ብቻ እንዳልሆነች ትወቅ።"

ልጅ እንዳላት አውቅ ነበር። ባሏ ሞቶባት ሕፃኗን ለእናቷ ትታ ነው የወጣችው። ካርቱም የምትኖረው ሀያት እንድትማር ነው። ያን ጊዜ "ኔትወርክ የለም" ማለት እችል ነበር። ሱቅ ሄጄ በሩብ ሰዓት ሌላ ወረቀት ማተም እችል ነበር። ሚኪያስ ከኋላዋ ቆሞ እያየኝ ነበር፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ፎቶውን አነሳሁ። ብዥ እንዳይል አስተካክዬ አነሳሁ። ላክሁት። ልቤ ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ? ፍርሃት አልነበረም። ልጅቷ ስታነብ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሰዓዳ ፍሬሙን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ማሊያዎቹ ታጥበው በሌላ እጇ ናቸው። እኔና ሚኪያስ ኒሙ ዛፍ ሥር ብቻችንን ተቀምጠናል።

"ኡስታዝ፣ እስቲ ድገምና አንብብልኝ" አለች።

ያንኑ ውሸት ቃል በቃል ደገምኩት።

"ሀያት ሌላ ነው ያነበበችው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስድብ ነው አለችኝ። እማ አህያ ብለውሻል አለችኝ። ወንድሜና እናቴ ባሉበት።"

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ምን አልኩ?

"ስንተኛ ክፍል ናት ልጅሽ?"

"ስምንተኛ።"

"ስምንተኛ ደርሳ ይህን ማንበብ ካቃታት ትምህርት ቤት እየሄደች አይደለም ማለት ነው። የምትልኪላትን ደብተር ይዛ ሌላ ቦታ ነው የምትውለው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፣ እንዲህ ያሉትን አውቃቸዋለሁ።"

ሚኪያስ ፍሬሙን ከእጄ ወሰደና እሱም ያነበበ መስሎ "ኡስታዝ እንዳለው ነው፣ እማ" አላት። ሁለት የተማሩ ወንዶች። እሷ ዓይኗን ከአንዳችን ወደ ሌላችን አመላለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ፍሬሙን መልሳ ጠቀለለችው። ከተሰደበች ይልቅ የተታለለች ትመስል ነበር። ያታለለቻት ግን ልጇ መሰለቻት።

ስልክ ደውላ ሀያትን ምን እንዳለቻት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። "ውሸታም" ብላታለች። ልጅቱ ምላ ተገዝታለች፣ እናቷ አላመነቻትም። ሦስት ወር ሳይሞላ ከትምህርት ቤት አስወጣቻት። በመተማ በኩል፣ በደላላ፣ ካርቱም አስመጣቻት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከምትሠራበት ቤት አጠገብ ሌላ ቤት ሥራ አስገባቻት። ይህን ሁሉ ሰዓዳ የነገረችኝ ማሊያ እያጠፈች ነው። "ትምህርቱ ካልገባት ቢያንስ ሥራ ትልመድ፣ አጠገቤ ትሁን። አይሻልም ኡስታዝ?"

"ጥሩ አድርገሻል" አልኳት።

ጥሩ አድርገሻል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሀያት መጀመሪያዎቹን ወራት ዕረፍት አልተሰጣትም። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከእናቷ ጋር ሜዳ መጣች። ቀጭን፣ ረዥም፣ እጆቿ በሳሙና የተላጡ ልጅ ናት። ሰዓዳ እጇን ይዛ ወደ እኔ አመጣቻት።

"ኡስታዝ፣ አንተ አስተማሪ ነበርክ። ዓርብ ዓርብ አንድ ሰዓት ብቻ፣ ፊደል አስቆጥርልኝ። እንደኔ ሆና እንዳትቀር።"

ምን ልበል? እሺ አልኩ። ኒሙ ሥር ተቀመጥን። የቡድን መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ ሀ ሁ ሂ ጻፍኩ። ሰዓዳ ደስ ብሏት ጥቂት አየችንና ወደ ማሊያዎቿ ሄደች። እስክትርቅ ሀያት አልተናገረችም። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

"ከየት ነው የሚጀምሩልኝ ኡስታዝ? ከአህያዋ?"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

"ለእናቴ እርስዎ ይንገሯት" አለች። "እኔ ነግሬያት ነበር። አላመነችኝም። እርስዎን ነው የምታምነው።"

"ኢንሻላህ፣ እነግራታለሁ።"

"ኢንሻላህ አይበሉኝ። ይንገሯት።"

አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ዓርብም አልነገርኳትም፣ በሦስተኛውም። ሀያት በየሳምንቱ እየመጣች ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። እናቷ ቀረብ ስትል "ሀ ሁ ሂ ሃ" ትላለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል። እናቷ ስትርቅ ዝም ትላለች። አንድ ጊዜ በነፋስ የመጣ የጋዜጣ ቁራጭ አንስታ ከላይ እስከ ታች እንደ ውኃ አነበበችው፤ እኔ እንድሰማ ብቻ። ያቺን ልጅ መፍራት ጀመርኩ። ፍርሃቴ ግን ወደ እውነቱ አልገፋኝም፣ ወደ ሌላ ውሸት እንጂ። በአራተኛው ዓርብ፣ ልገላገላት ብዬ፣ ሰዓዳን ጠርቼ "ልጅሽ ጎበዝ ናት። ጨርሳለች፣ አሁን ማንኛውንም ጽሑፍ ማንበብ ትችላለች" አልኳት።

ሰዓዳ እልል አለች። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው ዞረው አዩን። ሀያት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች፣ አንድ ነገር የገባት ይመስል።

በሳምንቱ ሰዓዳ ከጨዋታው በፊት ሁሉንም ሰበሰበች። ሽማግሌው አሉ፣ ራክሻ ነጂው አለ፣ ተጫዋቾቹ በሙሉ አሉ። ከፌስታል አዲስ ነጭ ጀላቢያ አወጣችና ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ።

"እኔን ባለፈው አመስግናችሁኛል" አለች። "ዛሬ ደግሞ እኔ ኡስታዝን ላመስግን። ልጄ ዕውር ነበረች፣ ዓይኗን አበራልኝ።" ከዚያ ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ ፍሬም ፈታችው። "በሉ፣ የእናቷን ምስጋና ራሷ ታንብብልኝ።"

"ፀሐዩ ከረረ፣ ጨዋታው ይጀመር" አልኩ። የሰማኝ የለም። ሚኪያስ ወደ ኋላ እያለ ከሰው መሃል ጠፋ።

ሀያት ፍሬሙን ተቀበለች። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳትዘል አነበበችው። ካልሲውን አነበበችው፣ አህያዋን አነበበችው፣ ጭነቱን አነበበችው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀና ብቻውን እንደሳቀ ሲያውቅ አቋረጠ። ራክሻ ነጂው አማርኛው ስላልገባው እያጨበጨበ ነበር። ሽማግሌው እጁን ያዙት።

ሰዓዳ "ደግመሽ አንብቢው" አለች።

ሀያት ደገመችው።

ሰዓዳ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም። "ኡስታዝ፣ ማንበብ ትችላለች አላልከኝም?"

"ትችላለች" አልኩ።

ለእሷ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ብቻ ነው።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እኔን ያየችኝ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ከዚያ እዚያው አቧራ ላይ በጉልበቷ ወደቀችና የልጇን እግር ያዘች።

"አውፍ በይኝ ልጄ። ውሸታም አልኩሽ። ከትምህርትሽ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። አውፍ በይኝ።"

"ተነሽ እማ። ተነሽ፣ ሰው እያየሽ ነው" አለች ሀያት። አነሳቻት። ዓይኗ አሁን ነው እንባ ያቀረረው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሃፍላው መንገድ ሄዱ። እኔ የሰዓዳን ጀላቢያ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። በዳዩ እኔ ቆሜ፣ ተበዳይዋ ተንበርክካ ይቅርታ ለመነች። ሰዎቹ አንድ በአንድ ጥለውኝ ሄዱ። ሽማግሌው ብቻ አጠገቤ ሲደርሱ "አንተንም የወለደች እናት አለች" አሉኝ።

በሳምንቱ ማሊያው ሳይታጠብ ለበስነው። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ተነጋገረ፣ "ያሳዝናል" ተባለ፣ ሌላ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ጸሐፊነቱ ለእኔው ተተወ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጠልኩ። ኡስታዝ ሲሉኝ ወዬ እላለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካርቱም ሁለት ሀያት የምትሠራበትን ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፣ መጥረጊያ ይዛ። በጣም አድጋለች። "አውፍ በይኝ" አልኳት። "እዚሁ የስደተኞች ትምህርት ቤት አለ፣ ላስገባሽ፣ ሰው አውቃለሁ" አልኳት።

"ማዳም ቀን አትለቀኝም" አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ። "ለምንድን ነው ያደረግከው?"

"ለሳቅ ነበር" አልኳት። "ቀልድ ነበር።"

ጥቂት አየችኝ። "እሺ" አለችና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ጦርነቱ ሲነሳ ሁላችንም ተበታተንን። እናትና ልጅ ከከተማው መውጣታቸውን የነገረኝ ሰው አለ፣ አልወጡም ያለኝም አለ። አጥብቄ አልጠየቅሁም፤ በሕይወት እንዳሉ ካወቅሁ ልፈልጋቸው ግድ ይሆንብኛል።

በዚያ በር ላይም ዋሽቻለሁ። ለሳቅ አልነበረም። አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት ልክ ስለነበረችና ማንበብ የምችለው እኔ ስህተት ስለነበርኩ ነው። ያ ጭብጨባ ለእሷ ስለሆነ ነው። ለዚህ ብዬ አንዲትን እናት አህያ አልኩ፣ ልጇን በአፏ ውሸታም አስባልኩ፣ የልጅቱን ትምህርት ቤት ዘጋሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሚኪያስ ገፋፋኝ አልልም። ስደት ልቤን አደነደነው አልልም፣ ሰዓዳም ስደተኛ ነበረች።

እናንተን ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምንም። ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። ሀያት ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰችም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።